መሳቢያ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

«ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉ፣ አማቴ ጠየቁኝ፤
«አይጥ መዝጋቢ ነኝ» ስል፣ በሳቅ አዋረዱኝ።
ቅዳሜ ገበያ፣ ጤፍ ነጋዴ ናቸው፤
ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አይጥ ነው ጠላታቸው።
ድመት አኑረዋል፣ ወጥመድም አጥምደው፣
መርዙንም ገዝተዋል፣ እስካዘዞ ወርደው።
«አይጥ ማለት አይጥ ነው፤ ደሞ ምን ስም ያሻል?
ጥርስና ጅራት ነው፤ ሰርቆ ይሸሸጋል።»

ዝም አልኩ።

ማራኪ፣ ከግቢው፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
ቁልፉ የላላበት፣ በክር የሚጠበቅ፣
አንድ መሳቢያ አለ፣ ቁጥሩ ዐሥራ ሰባት፣
ሆዳቸው ጥጥ ሆኖ፣ አይጦች የተኙበት።
አንዷ ግን እንግዳ፣ ከባሕር ማዶ ናት፣
ስሟን በወረቀት፣ ካንድ እግሯ ያሰሯት፤
ያገሯ ሰዎች ግን፣ «አጋዘን አይጥ» አሏት።
ጀርባዋ ድኩላ፣ ሆዷ ግን ነጭ ፈትል፤
ዓይኗ ትልቅ ነበር፣ ዛሬ ጥጥ ቢመስል።

ከስሜን ተራራ ካመጣናት፣
እግረ ነጭ ከምንላት አይጥ
ጎን ለጎን ሳስተኛት
መንታ ናቸው ያሰኛል፤
የአንድ እናት፣ የአንድ ሌሊት።

አይደሉም።
አፋቸውን ከፍቼ በአጉሊ መነጽር
የመንጋጋቸውን ጉብታ ስቆጥር
ዘራቸው ይለያል።
የኛዋ የቤት አይጥ ዘመድ፣ የጎተራ ወገን፤
ያቺ ከሃምስተር ጋር ትቆጠራለች፣ ከሌላ ግንድ።
ሲለያዩ የፋሲል ግቢ ድንጋይ
ከእሳት ወጥቶ፣ በርዶ፣
ግንበኛ እስኪወለድ ሥራ ፈትቶ ተኝቶ ነበር።

በነጭ አሸዋ ላይ፣ ነጣ ብላ አደረች፤
ጥቁር አፈር ሲሆን፣ ጠቁራ ተገኘች።
ጉጉት ናት ቀቢዋ፣ ሌሊት የምትመርጥ፣
የታየችን በልታ፣ ያልታየች ስታመልጥ።
ከተራራ ጫፍ ላይ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ለሰው፣
ጭላጭ አየር ቢያገኝ፣ ደሟ መች ሊለቀው!

(ሳንቃበር ላይ ወጥመድ ስንተክል
እኔ ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ሳል፤
ከጫማዬ ሥር ግን እግረ ነጭ ሽቅብ ትሮጣለች።
የእሷን ደም ገና ማንም በወጉ አልጠየቀው።)

ያገሯ ሰው ደግሞ፣
ጎጆውን ጠረገ፣ አቧራውን ሳበ፤
ሰንብቶ ታመመ፣ ትንፋሽን ተራበ።
እሷን ምንም አላላት፤ በሽታው ከሷ ጋር ለምዷል።
ለይተው ባያውቋት ማን ይከሰስ ነበር?
ውሃው? ነፋሱ? የጎረቤት ዓይን?
«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባል የለ፤
እኔ የተቀጠርኩት ለዳዋው ነው።

ባለቤቴ ትርንጎ አዋላጅ ናት።
ሌሊት ሌሊት ከጨቅላ እጅ አንጓ ክር ታስራለች፦
የእናት ስም፣ ሰዓት፣ ክብደት።
እኔ ቀን ቀን ከእግር፦
ወንዝ፣ ከፍታ፣ የጅራት ርዝመት።
ክሩ ከአራዳ ነው፣ ከአንድ ሱቅ፤ አንዱን ጥቅል እንካፈላለን።
«የኔዎቹ አልቅሰው ይመሰክራሉ» አለችኝ አንድ ንጋት
በር ላይ ስንተላለፍ፣ «ያንተዎቹስ?»
«የኔዎቹ ይጠብቃሉ፤
የሚጠይቅ ሰው እስኪመጣ፣ መቶ ዓመትም ቢሆን።»

በሐምሌ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣
አማቴ ፎቁን ወጡ፤ ጋቢያቸው ርሷል።
በእጃቸው የወተት ዱቄት ጣሳ፣
ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ።
«ይቺ ጤፌን ስትበላ ያዝኳት፤
ልጨርሳት ብዬ ነበር፤ ግን እያት፣
ከጆሮዋ ጀርባ እስከ ጅራቷ ነጠብጣብ አላት።
ከሌሎቹ ጋር አልመሰለችኝም።»
መብራቱን አስጠጋሁ። ጎንበስ አሉ፤ ኮፍያቸው ከመብራቱ ተጋጨ።
መጽሐፉን ገለጥኩ፣ መለስኩ፣ እንደገና ገለጥኩ።
«ማን ትባላለች?»
«እንጃ፣ አባቴ።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ።
ወንበር ስበው ተቀመጡ፣
ጣሳውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፤
«እንግዲያስ» አሉ፣ «ክር አምጣ።»